ውሃ የመጣ ቀን

አይሱዙው ከደጅ ቆሞ ሞተሩን አላጠፋም፤
ሹፌሩ ሰዓት ያያል፣ ሰው ቢሄድ አይከፋም።
ጫኞቹ «ፎቁ አራት ነው» ብለው ዋጋ ሲቆልሉ
ዝም አልኩ። ደረጃውን ከኔ በላይ ያውቃሉ?
ሃያ ሊትር በቀኜ፣ ሃያ ሊትር በግራ፣
ሰባት ዓመት ወጣሁት ስጣላ ከወገቤ ጋራ።
ስድሳ አራት እርከን ነው፤ አሥራ ሰባተኛው ተሸርፏል፣
መብራት በጠፋ ማታም እግሬ ሳይነካው ያልፋል።

ስመጣ ይሄ ሁሉ ማሳ ነበር፤ ብሎኩ ብቻውን፣
ጅብ ማታ ደረጃው ሥር ይፈልግ ነበር ድርሻውን።
ዋልካው ጫማዬን ነጥቆኝ፣ በካልሲ ታክሲ ተሳፍሬ፣
«ይሄስ አገር አይደለም» ብያለሁ ከልቤ አምርሬ።
ልዋሽ እንዴ? አልወደድኩትም። «የት ነሽ?» ሲለኝ ሰው
«ቃሊቲን አለፍ ብሎ» እል ነበር፣ መንገዱን ላሳጥረው፣
ቱሉ ዲምቱ ላልል።
አራት ጊዜ ለዝውውር ማመልከቻ ጻፍኩ፣
አራቴ በሻማ፤ አራቴ «አይሆንም» ተባልኩ።
አምስተኛው ፀደቀ። አርባ ምንጭ። ሳቁ ባልደረቦቼ ሁሉ፣
«ለአንድ ቧንቧ ስታለቅሺ አርባ ሰጡሽ» እያሉ።

እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን ከመስኮቱ ቆሜ
ኦቦ ቶሌራን አየኋቸው፣
የዚያ ሁሉ ማሳ ጌታ የነበሩ፣
አሁን በሁለት ብሎክ መሃል በቀረቻቸው ቁራሽ አፈር
ሽምብራ ሲኮተኩቱ።
የደም ግፊታቸውን ስለካ እሸት ያስታቅፉኛል በስስ ፌስታል፣
«ክፍያ ነው» እያሉ፣ በጭቃ እጃቸው።
አንድ ቀን፣ ክንዳቸው ላይ መለኪያው ሲነፋ፣
«እኔ የትም አልሄድኩም፤ አገሩ ነው ከኔ የጠፋ»
አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።
ቁጥሩን ጻፍኩ። ከፍ ብሏል።

ትናንት የእድሩን ጸሐፊ «ስሜን ሰርዙልኝ» አልኳቸው።
ጋሽ መንበሩ መነፅራቸውን ፈልገው፣ መዝገቡን በጣት ወርደው፣
በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር።
ለካ መልቀቅ ይሄ ነው። አልጋ መፍታት፣ ዕቃ ማሰር አይደለም፤
የሚቀብርሽ ሰው በአንድ መስመር ሲቀንስ።
«ድንኳኑ መቼም ያው ነው» አሉኝ፤ «ብትመጪ ያውቅሻል።»

ወይንሸት ጎረቤቴ ናት፤ በአንድ ግድግዳ ነው የምንተነፍሰው።
ቧንቧው ሌሊት ሲስል ቀድማ የሰማች ግድግዳ ትመታለች፣
ሁለቴ፣ «ውሃ መጣ!»
በሌሊት ልብስ ባልዲ ስናሰልፍ
ስንት ገመና አውርተናል አንድ ጄሪካን እስኪሞላ፤
ስንቴስ ተኳርፈናል «ሰምተሽ ዝም አልሽ» ተባብለን።
ታይፎይድ ጥሎኝ ሳለ ሁለት ሳምንት ውሃዬን ተሸከመች፤
ከዚያ ወዲህ አላነሳችውም፣ እኔም አላመሰገንኳት።

ዛሬ ሐሙስ ነው። የውሃ ተራው ማክሰኞ ሌሊት ነው።
አከራዩ ቁልፍ ይጠብቃል፤
ባዶውን ቤት ስጠርግ
ቧንቧውም ጉሮሮውን ጠረገ።
መጀመሪያ ቀይ፣ እንደ ኮረብታው፣ እንደ ስሙ፣
ከዚያ ነጭ፣ ከዚያ ጥርት ብሎ፣ በጠራራ ፀሐይ፣
ማንም ሳይለምነው ፈሰሰ።
ጄሪካኖቼ በሙሉ አይሱዙው ላይ ታስረዋል፣
አፋቸው ወደ ታች።
ሰባት ዓመት የሰደብኩት አገር፣ አሁን ምን ትዝ አለው?
ሊሸኘኝ ነው? ወይስ ሊያሾፍብኝ?
እጄን ዘርግቼ ቆምኩ፤ በጣቶቼ መሃል ወረደ።
ፊቴን ታጠብኩ። ደግሜ ታጠብኩ።
ለምን እንደደገምኩ አልናገርም።

ታች ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ።
ቁልፉን በአንድ እጄ ይዤ፣ በሌላው፣ እንደ ልማዴ፣
ግድግዳውን መታሁ፣ ሁለቴ፣
«ወይንሸት! ውሃ መጣ!»

ባልዲዋን ይዛ ወጣች። እጄን አየች፣ ባዶውን።
«ያንቺስ?» አለችኝ።